ከምርምር ዝንባሌህ ውጭ

ታዴ፣

እጄ በልማድ «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ ሊጀምር ነበርና ራሴው ሳቅሁበት። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ይዘነዋል፤ ሙት ዓመትህን ያወጣነው ባለፈው እሑድ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ለሌለ ሰው «አንተ» ብሎ መናገር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ጥያቄ አንተው ዕድሜህን ሙሉ ስትሠራበት ኖረህ ሳትጨርሰው ስለሄድክ፣ እኔ ዘልዬ መግባቱ ከበደኝ። አሁን ግን ከተቻለ ይቻል፣ ካልተቻለም ይቅር ብዬ ተቀምጫለሁ። ናፍቀኸኛል። ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ ልለፈው፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልህ ስለ አንድ ጉዳይ ነው።

የቤቱን ላስቀድም። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ሰፍቷል። ዳር ዳሩን የነበሩት ኪዮስኮች ተነሥተው የእግረኛ መንገድና አግዳሚ ወንበር ተተክቶባቸዋል። አንተ ጋዜጣ የምትገዛበት ኪዮስክም አብሮ ሄዷል፤ ጋዜጣውም ቢሆን ከኪዮስኩ ቀድሞ ነው የጠፋው። የታክሲው ፌርማታ ወደ ታች ስለወረደ ከአየር ጤና ስመለስ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ሄለን «ለጉልበትሽ ጥሩ ነው» ትለኛለች። እሷ ራሷ የምትመጣው በኮንትራት ታክሲ ነው።

ሄለን ተከራይታ ከነበረችበት ቤት ወጥታ ወደ እኛ ተመልሳለች። «እማዬን ብቻዋን አልተዋትም» እያለች ለዘመድ ሁሉ ታወራለች፤ ኪራይ ከብዷት እንደሆነ ባውቅም አላጋልጣትም። የማንበቢያ ክፍልህን የያዘችው እሷ ናት። ናትናኤል ሐዋሳ ሥራው ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ከዚያ እንደ አንተ ስልኩን ይዞ ዝም ይላል። ሱቄ እዚያው አየር ጤና ነው፤ ባኞ፣ ቧንቧ፣ ሴራሚክ። ሰው ቤት መሥራት አላቆመም። ውኃ በሰፈሩ አሁንም በፈረቃ ስለሆነ ባኞ የሚገዙኝ ሰዎች ምን አስበው እንደሚገዙ አይገባኝም፤ ነጋዴ ስለሆንኩ አልጠይቃቸውም።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

አንተ ስትሞት እድራችን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊውን አጣ። ይህ ለማንም ትዝ አላለውም ነበር። በሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር ቤተሰቡ ወይም የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ወደ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ለምን ቢባል ዶክተር ነዋ፣ ያውም ስለ ሰው ልጅ የሚያስተምር ዶክተር። የምታስተምረው ስለ ሰው ልጅ እንዳልሆነ ብነግራቸውም የሚሰማኝ አልነበረም። አንተም እንቢ አትልም። ሳሎን ታስቀምጣቸውና የመጀመሪያ ጥያቄህ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምናቸው ያናድዳችሁ ነበር?» ያዘነ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ይሳቃል፣ ይለቀሳል፤ አንተ ትጽፋለህ። ማዞሪያው ላይ ሥጋ ቤት የነበራቸው ሰውዬ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ ምራቂ አይጨምሩም ነበር ብለው ልጆቻቸው ሲያማርሩ፣ «ሚዛናቸው ለዘመድም ለባዳም አንድ ነበር» ብለህ ጻፍክ። ያማረሩት ልጆች ቀብሩ ላይ ያን ሲሰሙ በኩራት አለቀሱ።

ውሸት ግን አይወጣህም። «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ በልልን» ሲሉህ «ማን ተቸግሮ ደረሱለት?» ትላለህ፤ አንድ ስም ካልመጣ ዓረፍተ ነገሩ አይገባም። በዚህ የተቀየሙህ ሰዎች ዛሬም አሉ። መዝጊያዋ ግን ለሁሉም አንድ ናት፤ ባለትዳርና የይህን ያህል ልጆች አባት ነበሩ ብለህ ነው የምትጨርሰው። አንድ ጊዜ የአንድ ሟች ልጆች የእንጀራ እናታቸው እንዳትነሣባቸው ብለው ሙጭጭ አሉ። እስክሪብቶህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ «ያለን ሰው የለም ብዬ አልጽፍም፤ ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አልካቸው። ሌላ ጸሐፊ እንደሌለ ያውቃሉና ሴትዮዋ ገባች። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ኮራሁብህ። ያቺን ቃልህን ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያረፍክ ጊዜ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑንና ወንበሩን ከእድሩ ዕቃ ቤት አስጭነው፣ ጡሩምባ አስነፍተው፣ የመቃብሩን ነገር ጨርሰው ሲያበቁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ወደ ግቢያችን ገቡ። ለቀስተኛውን አልፈው በቀጥታ ወደ ማንበቢያ ክፍልህ ሄደው አንኳኩ። እግራቸው ለምዶት ነው፤ የሕይወት ታሪክ ሊያጽፉህ ነው የመጡት። ያየቻቸው ሄለን ናት። ካንኳኩ በኋላ እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቀረ አለችኝ፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ስንቱን የቀበሩ ሰው ናቸው።

እኔን በዚያ ሰዓት ማስቸገር ነውር መሰላቸው። ዩኒቨርሲቲህ ደውለው የሕይወት ታሪኩን ላኩልን አሉ። እነዚያ ደግሞ ያላቸው የትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ላይ ያለው ነው፤ የመምህራኑ የትምህርት ዝግጅትና የምርምር ዝንባሌ የተጻፈበት። አንዱ ቶሎ ብሎ ወደ አማርኛ መልሶ ላከላቸው። እድሩ ቤተሰብ አይቶታል ብሎ አሰበ፣ የትምህርት ክፍሉ እድሩ ይሞላበታል ብሎ አሰበ። እኔ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። የሕይወት ታሪክ የሚባል ነገር ከዚያ ክፍል ተጽፎ ሲወጣ ነበር የማውቀውና ማን ይጽፋል ብዬ መጠየቁም አልታወሰኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ዶክተር ታደለ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሒሳብ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በፍልስፍና፣ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ቤልጅየም አገር በፍልስፍና አገኙ። የምርምር ዝንባሌያቸው የሌሉ ነገሮች፣ ባዶ ስሞች፣ ስለሌለ ነገር የሚነገር እውነት። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነው። እንደገና መልሰው ገለበጡት። አባትህ የሉም፣ እናትህ የሉም፣ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» እንኳ የለም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት የምትለዋም የለችም። ጋሽ ወልዴ «ነፍስ ይማር» ብለው ወረቀቱን አጠፉት።

እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው «የሌለ ነገር ላይ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የደከመው?» አሉ። ቀጥለውም «እሷንስ አግብቷት አልነበረም እንዴ?» አሉ። በዚህ ተጀመረ። ቤልጅየም ያለችው ሚስትህ የተወለደችው የቀብሩ ዕለት ድንኳን ውስጥ ነው፤ በሰልስቱ ሁለት ልጆች ነበሯት። ሐሜቱ አላቆሰለኝም። ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ የሚያወራው አያጣም፤ አርባህ ሲወጣ እሷም ሞተች።

ያቆሰለኝ ገጹ ነው። ከአርባህ በኋላ ሄለንን አሳዪኝ አልኳት። ያን ሁሉ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ፎቶህ አለ፤ ክራቫቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሥር ሥሩን ዲግሪዎችህ፣ ከዚያ ዝንባሌህ፣ ከዚያ ምንም።

የባልደረቦችህንም ሁሉ እያስከፈትኩ አነበብኩ። እናንተ ፈላስፎች እንዴት ያላችሁ ጉደኞች ናችሁ! አንዱ ሕግ ተምሮ፣ ጥቂት ዓመት ጠበቃ ሆኖ፣ አሁን ኮምፒውተር ለሚያጠፋው ጥፋት ተጠያቂው ማነው የሚለውን ይመራመራል። አንዱ ከቅኔ ቤት ወጥቶ፣ ህንድ አገር ዶክትሬቱን ይዞ፣ የአገራችን የጥንት ሊቃውንት ስለ አእምሮ ያሉትን ያጠናል። ከባዮሎጂ የመጣች ሴት አለች፤ ሐኪም ለበሽተኛው ምን ያህል እውነት ይንገር በሚለው ላይ ነው የምትሠራው። ያ ረጅሙ ባልደረባህ ደግሞ ነገረ መለኮት ጀምሮ ትቶ፣ ጀርመን ሄዶ፣ ስለ ጊዜ ያጠናል፤ ቀጠሮ አክብሮ እንደማያውቅ የነገርከኝ አንተ ነህ። አንተ ከሒሳብ ነው የመጣኸው፤ ስንጋባ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርክ። ከመጀመሪያው ፍልስፍና ልማር ብሎ ከቤቱ የወጣ አንድም አላገኘሁም። ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ማዞሪያው ላይ የታጠፈ ነው።

እዚህ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ መጨረሻ መጨረሻቸውን ማየት ጀመርኩ። የባዮሎጂዋ «ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ አትክልት መኮትኮት ትወዳለች» ይላል። የጊዜው ሰውዬ የልጅ ልጅ ማየቱን ጽፏል። ጠበቃው እንኳ፣ ሁለቴ የፈታው፣ «ባለትዳር ነው» ብሏል። ሄለን እንድጽናና ብላ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን ከፈተችልኝ። ስለሌሉ ነገሮች የሚያጠና አንድ ፈረንጅ አገኘን፤ የሙያ ወንድምህ ማለት ነው። ከሚስቱና ከውሻው ጋር እንደሚኖር ጽፏል፤ የውሻውን ስም ሳይቀር። ሄለን ቶሎ ብላ ዘጋችው።

ታዴ፣ ያለን ሰው የለም ብዬ አልጽፍም ያልከው አንተ ነህ። ያን ገጽ የጻፍከውም አንተ ነህ። ለሥጋ ሻጩ ሚስት የሰጠኸውን አንድ መስመር ለእኔ ነፈግከኝ። እዚያ አእምሮህ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ስትሠራ በዋልክበት ቦታ፣ እኔና ልጆቹ የት ነበርን? ዓመቱን ሙሉ ይህንን ስመረምር ነው የከረምኩት።

መመርመሩን ከባልደረቦችህ ጀመርኩ። የጊዜውን ሰውዬ ስጠይቀው «ከትሕትናው ነው» አለኝ። ሚስት አለኝ ማለት ትዕቢት የሚሆነው መቼ ነው? የቅኔው ሰውዬ ደግሞ የግል የሆነውና የአደባባይ የሆነው ነገር የሚለያዩበትን ድንበር ወጡ እስኪቀዘቅዝ አስረዳኝ። አመሰገንኩት፤ የገባኝ ነገር ግን የለም። አንድ ቀን ራሴ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄጄ፣ ስምህ ገና ያልተነሣበትን የቢሮህን በር አይቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ። የሚያልፉት ተማሪዎች ስለ ልጄ ምዝገባ ልጠይቅ የመጣሁ እናት ሳልመስላቸው አልቀረም፤ አንዷ «እማማ፣ ሬጅስትራር ወዲያ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ራሳችን ነገር ገባሁ። ቤልጅየም የነበርክበትን ዘመን አነሣሁ። ስትደውል ስለ ብርዱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መምህርህ ትነግረኛለህ፤ ናፈቅሽኝ ብለኸኝ አታውቅም። ተመልሰህ የመጣህ ጊዜ «ታዲያ፣ ስለሌለ ነገር መናገር ይቻላል?» ብዬ ጠየቅሁህ። «ይቻላል፤ እንዴት እንደሚቻል ግን ገና አልታወቀም» አልከኝ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት በብርድ የተቀመጥከው ብዬ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ አንተም ሳቅህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ መጥተህ ያልተሸጠ ባኞ ጠርዝ ላይ ትቀመጥ የነበረውንም አነሣሁ። አንድ ቅዳሜ ደንበኛ ባኞ ፈልጎ መጣ። የፈለገው አልነበረኝም፤ ሰኞ ይገባልኛል አልኩት። ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ በበሩ ይገባል አይገባም ስለሚለው ቆመን ብዙ ተከራከርን። ሰውዬው ሲሄድ ዓይንህ በርቶ «እዚህ ስለሌለ ባኞ ሁለታችሁም ስታወሩ አንድ ውሸት አልተናገራችሁም!» አልከኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ አስተማርክበት፤ ተማሪዎቹ ወደዱት ብለህ ደስ ብሎህ መጣህ። ባኞው ክፍል ገባ ማለት ነው። ይህን ሳስታውስ ይበልጥ ተናደድኩ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ጋሽ ወልዴ መጡ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ የተነበበው ጎዶሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። አንቺው ጻፊውና በወጉ ላንብብለት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አባትህን ጻፍኩ፣ እናትህን ጻፍኩ፣ ወልቂጤ አጠገብ መወለድህን፣ ኮልፌ አጎትህ ቤት ማደግህን፣ ዕድሜህ ለትምህርት ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። ሒሳቡን፣ ፍልስፍናውን፣ ቤልጅየሙን ደረደርኩ። የሌሉ ነገሮችን አልዘለልኩም። መዝጊያዋ ላይ ስደርስ ግን እጄ እንቢ አለ። ራሱ ያላስገባኝን፣ እኔ በግድ ልግባ? ወረቀቱ ብፌው ላይ እንዳለ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን መቅደስ መጣች፤ ያቺ ተማሪህ የነበረችው፣ በኋላም አብራችሁ ስታስተምር የነበረችው። እሷም ዶክተር ሆናለች። ሰው ሌላውን ሰው ያለ ማስረጃ ማመኑ ልክ ነው ወይ የሚለውን ነው የምታጠናው። ለትምህርት ክፍሉ ይሰጥ ያልከውን መጽሐፍ ልትወስድ ነው የመጣችው። ከሱቅ ባመጣሁት የሴራሚክ ካርቶን ስናሽግ ዋልን። ስለ ገጹ እኔ አላነሣሁባትም፤ ሰልችቶኝ ነበር። እሷ ናት ያነሣችው፤ በቅርቡ ሊታደስ ነው፣ የዶክተርም ስም ካለፉት መምህራን ጋር ይቀመጣል ብላ። ከዚያ ካርቶኑን በሲባጎ እያሰረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ገጽ መጀመሪያ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ አስቴር። ሁሉም ስለ ቤተሰባቸው አንድ መስመር ሲጨምሩ ዶክተር ብቻ ቀሩ። ለምን ብዬ ጨቀጨቅኋቸው። ‹የምርምር ዝንባሌ ማለት ያልገባኝ ነገር፣ የምጠራጠርበት ነገር ማለት ነው። በአስቴርና በልጆቹ ጥርጣሬ የለኝም፤ ምን ብዬ እዚያ አስገባቸዋለሁ?› አሉኝ። እኔም ቀለዱ ብዬ ተውኩት።»

በእጄ የነበረውን ካርቶን አስቀመጥኩ። ከዚያ ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ፈረቃችን አልነበረም። ደረቁ ቧንቧ ሲተነፍስ እየሰማሁ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ለቅሶው ሲያበቃ ንዴቱ መጣ፤ እንደምታውቀኝ ነኝ። ይህን ለመቅደስ ነገርካት! ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ጥፍርህን ስትቆርጥ፣ ዜና ስናይ፣ ከማዞሪያው አብረን ስንመጣ፣ ከቀን አንድ ቀን። ደግሞ ሰበብም ሊሆን ይችላል፤ መጻፍ ሲሰለችህ የሚያምር ምክንያት አጥተህ አታውቅም። ጥርጣሬ የለኝም ማለትህም ትንሽ ድፍረት ነው። እኔን በተመለከተ ሳይገባህ የቀረ ብዙ ነገር እንደነበር ልንገርህ። ጥቂት ብትመራመር አይጎዳህም ነበር።

ግን አመንኩህ። መቅደስ እንደምትለው ያለ ማስረጃ ነው ያመንኩህ። በሦስተኛ ሰው አፍ፣ ከካርቶን ላይ ቢመጣም ቃሉ የአንተ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲህ አይናገርም። የቤልጅየሙም ስልክ፣ የናትናኤልም ዝምታ በዚያው ተፈታልኝ። የምታወራው ስለምትጠራጠርበት ነገር ብቻ ነበር። ብርዱን ትጠራጠረው ነበር፣ መምህርህን ትጠራጠረው ነበር።

ማታውን ወረቀቱን ከብፌው ላይ አነሣሁት። ምኑ ያናድደኝ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁና፣ «እርግጠኛ የሆነበትን ነገር መናገር አይሆንለትም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም። መዝጊያዋንም አስገባኋት። የእድሩ ወረቀት ላይ ያ የአንተ ሕግ ነው፤ እኔ ላፈርሰው አልችልም።

እሑድ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው አነበቡት። እርግጠኛ የሆነበትን የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ናትናኤል አንገቱን ደፋ። ሄለን ሳቀች፣ ከዚያ እኔን አየችና ሳቋን ተወችው። «ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ» የምትለዋን ጋሽ ወልዴ ሁለት ጊዜ አነበቧት። የተሳሳቱ አስመስለው ነው የደገሟት፤ አልተሳሳቱም። እትዬ ዘነበች አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው «እኔ ያን ጊዜም ብያለሁ፤ እሱ የጨዋ ልጅ ነው» አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ቤልጅየሟን የወለዷትም እሳቸው፣ የቀበሯትም እሳቸው።

መቅደስ ያን ዕለት ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ ገጹ ሲታደስ ያቺን መስመር ልጨምርልዎት ወይ ብላኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የፈለግኋት መስመር ናት። አስቤ እነግርሻለሁ ብያት ነበር። ትናንት ደወልኩላት። ተይው፣ እንዳለ ይቀመጥ አልኳት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። እዚያ ያለው ያልገባህ ነገር ነው፤ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?

እኔም ዓመቱን ሙሉ ስመረምርህ ከረምኩ፣ ታዴ። ሰው የሚመረምረው የሚጠራጠረውን ከሆነ ስጠራጠርህ ከርሜያለሁ ማለት ነው። አሁን ጨርሻለሁ። ቃል እገባልሃለሁ፤ ከእንግዲህ አልመረምርህም። አስታውስሃለሁ እንጂ።

አስቴር